ጠፍቶ ያልጠፋው መብራት፦ ሽምብጥ ውስጥ አንድ ፋን የገጠምንበት ጉዳይ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ በጠራራ ቀትር ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ያ ልጅ ከአዲስ አበባ ፋን ልኮልኛል። መጥተህ ስቀልልኝ እንጂ ልሞት ነው» አሉኝ። ደዋይዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። የእንጨትና የጭቃ ቤት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። በሚያዝያና በግንቦት ቀኑ 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ለሰመራ ሰው ይህ ብርድ ነው። እኛን የሚጎዳን ግን ሌሊቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የጋለው ቆርቆሮ ሙቀቱን ኮርኒሱ ላይ ሲያራግፍ ያመሻል። መስኮት እንዳይከፈት ከጣና በኩል የምትመጣው ቢንቢ አለች፤ ወባ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ መስኮት ዘግቶ፣ አጎበር ውስጥ ገብቶ፣ ማላብ ነው።

እትዬ ሁለት ነገር አጥብቀው ነገሩኝ። አንደኛ፣ ግድግዳው እንዳይፈለጥ፤ ለፋሲካ ገና መቀባቱ ነው። ሁለተኛ፣ ፋኑ ከነበረው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ እንዲሠራ፤ በሩ አጠገብ ያለውን እጃቸው ለምዶታል። «ቀላል ነው» አልኳቸው። ይህን ቃል ስናገር ሁሌ አንድ ነገር ይመጣብኛል።

መጀመሪያ ካርቶኑን አነበብኩ። 56 ኢንች፣ 75 ዋት። ሰው ብዙ ጊዜ «ያ ትንሽ ማጥፊያ ይህን ሞተር ይችላል ወይ?» ይለኛል። 75 ዋትን ለ220 ቮልት አካፍሉት፦ 0.34 አምፔር ነው። ተራው ማጥፊያ 10 አምፔር ይሸከማል፤ የመብራት መስመሩ 1.5 ካሬ ሽቦም ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር አካባቢ ይበላል፤ ፋን ከሱ አጠገብ ሲታይ ጭነት አይባልም። በዚህ በኩል ጉዳዩ አለቀ።

ጥያቄው ከማጥፊያው ኋላ ምን አለ ነው። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ በካቻቢቴ ክዳኑን ፈትቼ ሳወጣው ሁለት ሽቦ ብቻ አገኘሁ፤ ሁለቱም ቀይ። እንደጠበቅኩት ነው። በኛ ቤቶች አሠራር ኒውትራሉ፣ መመለሻው ሽቦ ማለት ነው፣ ወደ ማጥፊያው አይወርድም። ከላይ ካለው ጃንክሽን ቦክስ፣ ሽቦዎች ከሚገናኙበት ሳጥን፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ወደ ማጥፊያው የሚወርደው ፌዙ፣ ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ነው፤ ሲበራ በሌላኛው ቀይ ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይወጣል። አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ይወጣል።

በሁለት ሽቦ ደግሞ የሚቻለው አንድ ነገር ነው፦ ፋንና መብራት አብረው በርተው አብረው ይጠፋሉ። ይህን ሳስረዳቸው እትዬ ሳቁብኝ። «ታዲያ ሌሊት ፋን ልከፍት ብዬ መብራት ለኩሼ ልተኛ? ንጋት ላይ ዳዊት ስደግምስ ያ ነገር ገጹን ይገልጥብኝ?» ትክክል ናቸው። ስለዚህ ባለ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከሱ ወደ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሽቦ ያስፈልጋል፤ አንድ ፌዝ ይወርዳል፣ አንድ ለመብራት አንድ ለፋን ይወጣል። ፍጥነት መቀነሻው ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ መጥቷል፤ ባለ አምስት ደረጃው ዓይነት። እሱ ኒውትራል አይፈልግም። በፋኑ ፌዝ መንገድ ላይ መሃል ይገባል፣ በቃ። ልጃቸው በስልክ «ዲመር ግዙለት» ብሎ ነበር። የአምፖል ብርሃን የሚያደበዝዘው ዲመር ለፋን አይሆንም፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል።

እስከዚህ ድረስ ተራ ሥራ ነው። ረዳቴን ወንበር ላይ አቁሜ አምፖሉን እንዲያወጣና ከላይ ያለውን ሽቦ እንዲያሳየኝ አደረግኩ። አንድ ቀይ፣ አንድ ጥቁር፤ ጥቁሩ ኒውትራሉ መሆን ነበረበት። ብሬከሩ ጠፍቷል። እንዲያው ልማድ ሆኖብኝ ኃይል ያለው ሽቦ ሲነካ የሚበራውን ቴስተር አቀበልኩትና «ንካው» አልኩት።

ጥቁሩ ላይ ሲያስጠጋው በራ።

«ጋሼ፣ አላጠፋህም እንዴ?» አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ የመብራቱ ብሬከር ወደ ታች ነው። ምናልባት ሌላኛው ይሆናል ብዬ የሶኬቱንም አጠፋሁ። ተመልሰን ነካን፤ በራ። ዋናውን አጠፋሁ። ፍሪጁ ዝም አለ፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ጠፋ። ቤቱ በሙሉ ጨልሟል። ጥቁሩ ሽቦ ግን አሁንም በራ።

ቴስተር አንዳንዴ ይዋሻል። አጠገቡ ከሚያልፍ ሽቦ በሚጋባ ትንሽ ኃይል ብቻ ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ስለዚህ መልቲሜትሩን አወጣሁ። ረጅም ሽቦ አንዱን ጫፍ በጓሮው የብረት ቧንቧ አስሬ፣ ሌላውን ጫፍ ከመልቲሜትሩ አንድ እግር ጋር አገናኝቼ፣ በሁለተኛው እግር ጥቁሩን ነካሁት። 214 ቮልት። የተጋባ አይደለም፤ ሙሉ መብራት ነው። ረዳቴ ከወንበሩ ወረደ። እኔም ላብ ብሎኛል፤ ሙቀቱ ይሁን ሌላ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ክፍል ለክፍል ዞርን። ሳሎንም እንደዚያው፣ ማድቤትም እንደዚያው። ይህ ነው ነገሩን ግልጥ ያደረገው። አንድ ክፍል ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ እዚያው ክፍል ጃንክሽን ቦክስ ውስጥ ነው እል ነበር። ቤቱ በሙሉ ሲገለበጥ ግን የተገለበጠው ከምንጩ ነው። የብሬከሩን ሳጥን ከፈትኩት። ከቆጣሪው የሚመጣው ገመድ ሁለቱም ልብሱ ጥቁር ነው፤ ምልክት የለውም። ብሬከሩ ላይ የታሰረው ኒውትራሉ ነበር። ፌዙ በቀጥታ የኒውትራል ማሰሪያው ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ሳይቆርጠው ወደ እያንዳንዱ አምፖል ይሄዳል።

እንዲህ ሲሆን ምንም ነገር አይጎድልም። አምፖል ይበራል፣ ፍሪጅ ይሠራል፣ ምጣድ ይግላል። ማጥፊያውን ስትጫኑ መብራቱ ይጠፋል። የሚቆረጠው ግን መመለሻው ነው፤ መምጫው እዚያው ይጠብቃችኋል። ብሬከር አጥፍቶ «አሁን ሰላም ነው» ብሎ ሽቦ የሚይዝ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ የሚይዘው ሕያው ፌዝ ነው።

እትዬን ጠየቅኳቸው። ሳጥኑ ከአራት ዓመት በፊት ተቀይሯል። ማን እንደቀየረው አያስታውሱም፤ በሰው በሰው የመጣ ልጅ ነበር። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የኔው ልጅ ባለፈው ዓመት አምፖል ሲቀይር ነዝሮት ከወንበር የወደቀው…» አሉ። «እጁ እርጥብ ስለሆነ ነው ብለን ተቆጣነው እኮ!» ደንግጠው አማተቡ። ቀጥለው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። የመኝታ ቤቱ ኤልኢዲ አምፖል ሌሊት ከጠፋ በኋላ እንደ ከሰል ፍም ደብዘዝ ብሎ ያድር ነበር። እሳቸው ጥራቱ መስሏቸው ወደውታል፤ ሌሊት ሲነሱ መንገድ ያሳያቸዋል።

ከቆጣሪው አጠገብ፣ አጥሩ ላይ፣ ሌላ ብሬከር አለ። ማኅተም ካለው ከቆጣሪው ሆድ ጋር አልተነካካሁም፤ ያ የኔም የእትዬም ሥራ አይደለም። የአጥሩን ብሬከር አጥፍቼ፣ ሳጥኑ ላይ ሁለቱንም ገመድ ከቧንቧው አንጻር ለክቼ ዜሮ ሲሆን ብቻ ፈታሁ። ፌዙን ወደ ብሬከሩ፣ ኒውትራሉን ወደ ማሰሪያው። ፌዙ ጫፍ ላይ ቀይ ናስትሮ ጠቀለልኩበት፣ ቀጣዩ ሰው እንዲያውቅ። ዋናውን ብሬከርም ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ በሚቆርጥ ባለ ሁለት ፖል ቀየርነው። ነገ ሌላ ሰው ቢገለብጠው እንኳ ዋናው ሲጠፋ ቤቱ ይሞታል። ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ስህተቱን ለማግኘት ግን ከሰዓት በኋላው አልቋል፤ ፋኑ ከካርቶኑ አልወጣም።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደረስን። ኮርኒስ ላይ የወጣ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። 4 ሰዓት ካለፈ ቆርቆሮው ሥር መቆየት አይቻልም።

ኮርኒስ ፋን አይሸከምም። ይህን የምለው ኮርኒሱን የያዘችው ቀጭን እንጨት ላይ ብቻ ታስረው የሚወዛወዙ ፋኖች ስላየሁ ነው። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር ነው፤ ግን ዝም ብሎ የተንጠለጠለ አምስት ኪሎና ቀን ከሌት የሚሽከረከር አምስት ኪሎ አንድ አይደሉም። መንቀጥቀጡ ሚስማርን በወር በወር ይነቅለዋል። እኛ ከብየዳ ቤት አንድ ቁራጭ ቱቦላሬ አስቆርጠን፣ መሃሉ ላይ ከ12 ሚሊ ፌሮ የተጠመዘዘ ቀለበት አስበየድን። ቱቦላሬውን በሁለት የጣሪያ እንጨቶች ላይ አጋድመን ዳር ዳሩን በቡሎንና በዳዶ አጠበቅነው። ቀለበቱ ብቻ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ታች ብቅ ይላል። ከዚያ ግማሽ ኩንታል በቆሎ ከእትዬ ጓዳ ተውሰን አንጠለጠልንበትና ወጥተን ቁርስ በላን። «ለፋን ነው ለሰው?» አሉ በሩ ላይ ቆመው። ስንመለስ በቆሎው እዚያው ነው፤ እንጨቱም አልጎበጠም።

ያላሰብኩት ችግር አጎበሩ ሆነ። የእትዬ አጎበር ክቡ ዓይነት ነው፤ ከላይ በአንድ ገመድ ይሰቀላል። ያቺ ገመድ የተሰቀለችበት ሚስማር ደግሞ ኮርኒሱ መሃል፣ ፋኑ በሚመጣበት ቦታ ነች። ፋንና ክብ አጎበር አንድ ቦታ አይኖሩም፤ ጨርቁ ወደ ክንፉ ከተሳበ ያለው ጣጣ አይነገርም። አጎበሩን ትተው በፋኑ ነፋስ ብቻ እንዲተኙ የመከራቸው ጎረቤትም ነበር። እውነት ነው፣ ቢንቢ በነፋስ መብረር ትቸገራለች፤ ግን መብራት ሲሄድ ፋኑም ይቆማል፣ እሷ ግን አትቆምም። አጎበሩን በአራት ማዕዘኑ ቀየሩት፤ አራቱ ገመዶች ከግድግዳው ማዕዘኖች ጋር ዝቅ ብለው ታሰሩ። ክፍሉ ከወለል እስከ ኮርኒስ 2.70 ነው። ፋኑ ሲወርድ ክንፉ ከወለል 2.40 ላይ ቆመ። እጅ ዘርግቶ የሚለብስ ሰው እንዳይነካው ከ2.30 በታች አላወርድም።

አምፖሉም ከመሃል መነሳት ነበረበት። ከክንፉ በላይ ያለ አምፖል ክፍሉን በሙሉ ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፤ ዳዊት የሚያነብ ሰው ዓይኑ ይታመማል። ከራስጌ በላይ ግድግዳው ላይ አደረግነው። ሽቦው በኮርኒሱ ላይ አልፎ ስለወረደ ግድግዳው አልተፈለጠም።

ሦስተኛውን ሽቦ መሳብ ረዳቴ የሚጠላው ሥራ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ትቦ ጠባብ ነው፤ አንድ ቦታ ይታጠፋል። ከሁለቱ አሮጌ ቀዮች በአንዱ ጫፍ ላይ ሦስት አዲስ ሽቦ ጠመዝዘን፣ መጋጠሚያውን በናስትሮ አሳስተን ጠቅልለን፣ ሳሙና ቀባነው። እኔ ከታች እያቀበልኩ እሱ ከላይ ይስባል። «ጎትት!» «ቆይ!» «ጎትት!» መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ወደ ኋላ አንድ ክንድ መልሰን፣ ዘወር አድርገን እንደገና። ሦስተኛው ላይ ሹልክ አለ። ጃንክሽን ቦክሱ ውስጥ የነበረው አሮጌ ናስትሮ ደርቆ እንደ ቅጠል ይፈረፈር ነበር፤ ከሥሩም አንዲት የደረቀች እንሽላሊት። ሁሉንም አውጥተን በቪቲ በሚጠብቅ ማገናኛ አሰርነው።

አሁን አረንጓዴው ሽቦ ቀረ። የድሮ የመብራት መስመር ላይ መሬት የሚባል፣ ያመለጠ ኃይል ወደ አፈር የሚያወርድ ሽቦ የለም። ፋኑ ግን የብረት አካል አለው፤ አረንጓዴ ሽቦም ይዞ መጥቷል። ረዳቴ «ከጥቁሩ ጋር ብንጠመዝዘው ምን አለበት? ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል እኮ» አለኝ። ሁሉም እንደዚያ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። «ትናንት ጥቁሩ ላይ ስንት ቮልት አነበብን?» አልኩት። ትንሽ አሰበና አፉን በእጁ ያዘ። ሳጥኑን ሳናስተካክል አረንጓዴውን ከጥቁሩ ጋር ብንጠመዝዝ ኖሮ የፋኑ አካል ራሱ ፌዝ ይሆን ነበር። እትዬ ደግሞ ፋን በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውሉ ሴት ናቸው። ሳጥኑ ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን አልፈቅድም፤ አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢበጠስ ያው ይመጣል። የራሱን አረንጓዴ ሽቦ በኮርኒሱ ላይ እስከ ሳጥኑ ወሰድን። ጓሮ፣ የእጥበት ውሃ በሚደፋበት ፓፓያ ሥር፣ አንድ ሜትር ተኩል የመሬት ዘንግ ቀብረን ከሳጥኑ ጋር አገናኘነው። እርጥብ አፈር ለዚህ ጥሩ ነው።

ፍጥነት መቀነሻውን ከማጥፊያው ጎን በፕላስቲክ ሳጥን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። ባለ ሁለቱ ማጥፊያ የድሮው ቦታ ላይ ገባ፤ ግራው መብራት፣ ቀኙ ፋን። ከመክፈታችን በፊት እንደገና ፈተሽኩ። ብሬከር ጠፍቶ፦ ሁሉም ጨለማ። ብሬከር በርቶ ማጥፊያዎቹ ጠፍተው፦ ከላይ ያሉት ሁሉ ጨለማ፣ ማጥፊያው ላይ አንዱ ቀይ ብቻ በራ። መሆን ያለበት እንዲህ ነው። ቀኙን ተጫንኩት። ፋኑ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር። በካሴ ሜትር ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ኮርኒሱ ስለካ አንደኛው አንድ ሴንቲ ዝቅ ብሏል። መያዣው በመንገድ ጎብጧል። በእጅ መለስኩት፣ ቆመ።

ማታ 1 ሰዓት ላይ እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ሰነፈ እኮ!» ሄድኩ። እውነትም ቀን ከነበረው ይልቅ ይንቀራፈፋል፤ ሳጥኑ ላይ ስለካ 187 ቮልት። ጎረቤት እንጀራ እየጋገረ ነው። የዚህ ፋን ፍጥነት የቮልት ነገር ነው፤ ቮልቱ ሲወርድ እሱም ይደክማል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ተናደዱ። «ጢስ አባይ እዚህ አፍንጫችን ሥር እያለ!» የሳቸው ቁጣ መሠረት የለውም አይባልም። የጢስ አባይ የመጀመሪያው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው ሥራ የጀመረው፤ የጣናን ውሃ በዋሻ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመርተው በለስም እ.ኤ.አ. በ2010 ተመርቋል። ነገር ግን የሰፈር ቮልት የሚወርደው ግድብ ስለራቀ አይደለም። በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ብዙ ምጣድ ሲንጠለጠል ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ምጣዱ ሁሉ ሲያርፍ፣ ፋኑ ወደ ልቡ ተመለሰ። አንድ ነገር ግን ነገርኳቸው፤ ቮልቱ ደህና ሆኖ ሳለ ፋኑ እያጉረመረመ አልነሳ ካለ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው፤ እሱ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ሞተር ተቃጠለ የሚል ሰው እንዳያታልላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ ቡና ደርሶ አገኘኝ። ፋኑ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ አይወዛወዝም። እንቅልፉ እንዴት ነው አልኳቸው።

«እንቅልፉስ ተመስገን ነው። ያቺ ፍሟ ግን ጠፋችብኝ» አሉ ስኒውን እያቀበሉኝ። «ሌሊት ስነሳ ጨለማ ነው። መልሳት።»

እሷን መመለስ እንደማልችል ነገርኳቸው። ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት ገዝቼላቸው መጣሁ።